ፌንጣ የተረጎመችው ስንብት

መስታወት ቆራጩ ዛሬ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ ሳይሰካ መጣ።

መምህሯ ይህን ያየችው ተንበርክካ የአንዱን ሕፃን ጫማ ስታስር፣ በመስኮቱ አሻግራ ነው። ሌላ ሰው ልብ አይለውም ነበር። እሷ ግን ገና አፋቸውን በወጉ ያልፈቱ ልጆችን እንግሊዝኛ የምታስተምር ናት፤ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሚናገረው የሚያየው ይበዛል። እርሳሱ የለም። እጅጌው ላይ ሁልጊዜ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጨው የመስታወት ብናኝ የለም። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ያውም አንገትጌው ብቻ፣ በችኮላ። እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ወንድ ወይ ሊያገባ ነው፣ ወይ ሊሄድ ነው።

“መጣልሽ” አሉ እትዬ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

እትዬ የክፍሉ ረዳት ናቸው። ልጆቹ ሆዳቸውን ሲያማቸው፣ ሽንታቸው ሲመጣ፣ እናታቸው ስትናፍቃቸው በቤት ቋንቋ የሚነግሩት ለእሳቸው ነው። መምህሯን ግን በቤት ቋንቋ የሚያናግራት ልጅ የለም፤ አትሰማማ።

ማለት፣ ልጆቹ የሚያምኑት እንደዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር መምህሯ ያደገችው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ካለው ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ አባቷ ተረትና ስድብ እኩል የሚያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን አንድ ሕፃን አስተማሪው ቋንቋውን እንደምትሰማ ካወቀ፣ በማያውቀው አፍ ለመናገር ምን አስጨነቀው? ስለዚህ ትምህርት የተከፈተ ዕለት የአባቷን ቋንቋ ከበሩ ውጭ ትታ ገባች። “ውሃ ስጪኝ” ሲሏት ዓይኗን ታፈጣለች። “ወተር” ሲሏት ትሮጣለች። “ሲት ዳውን” ስትላቸው ምንጣፉ ላይ ዝርግፍ ይላሉ፤ “ሃፒ” ስትል ጥርሳቸውን ያሳያሉ፤ “ሳድ” ስትል የታችኛውን ከንፈራቸውን ይጥላሉ። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ራሷ ያወጣችውን ደንብ ደግሞ ከማንም ደንብ አብልጣ ትፈራዋለች። ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ ምስጢሩ ይነገራቸዋል፤ እነሱም ይጠብቁላታል።

መስታወት ቆራጩ ግን ወላጅ አይደለም፣ አጎት ነው። እህቱ ነርስ ናት፤ ፈረቃዋ ሲቀየር ልጇን የማምጣትና የመውሰድ ሥራ እሱ ላይ ወደቀ። እህትየው ምስጢሩን የነገረችው መስሏት ሳትነግረው ቀረች። በምትኩ ልጆቹ የሚያምኑትን የነገረችው የእህቱ ልጅ ናት። እግሯ መሬት ስለማይነካ ፌንጣ ይሏታል።

“አጎቴ” አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ በሩ ላይ ጣቱን ይዛ፣ “ቲቸርን በኛ ቋንቋ እንዳታናግራት። ምንም አትሰማም። ምስኪን ናት።”

እሱም ቀና ብሎ መምህሯን አያትና ፊት ለፊቷ፣ ሳይደብቅ፣ “ምስኪንስ እኔ! ዛሬ እንቅልፍ የለኝም” አለ።

እዚያው “እሰማሃለሁ” ብትል ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር። ግን ልጆቹ ከብበዋታል። ፊቷን እንደ ግድግዳ አድርጋ “ጉድ ሞርኒንግ” አለች። በማግስቱም አንድ ነገር አለ፤ በማግስቱም ሰማች። ያልተናገሩት ነገር እንደ ሊጥ ነው፣ ባደረ ቁጥር ይኮመጥጣል። ስለ አንገቷ ተናገረ። ስትስቅ ስለሚሰረጉደው ጉንጯ ተናገረ። የሚያወራትም “አንቺ” እያለ ነበር፤ ሰው ጨረቃን ወይም ድመትን እንደሚያወራ።

ልቧ የተረታው ግን በዚህ አይደለም። አንድ ቀን ኳስ የክፍሉን መስኮት ሰበረው። መስታወት ቆራጩ ተጠርቶ አዲሱን ገጠመ፤ ገጥሞ ሲጨርስ ዕቃውን አልሰበሰበም። ከቦርሳው ዳቦ አውጥቶ ለስላሳ ውስጡን ጠፈጠፈና ወለሉ ላይ እንደ ማኅተም እያተመ፣ ዓይን የማያየውን ስብርባሪ ለቀመበት። ከዚያ በሆዱ ተኛ፤ ጉንጩን ወለሉ ላይ አስደግፎ ብርሃኑን ተከትሎ አየ። አንዲት ብልጭታ ቀርታለች። አነሳት። እንደገና ተኛ። “እነዚህ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚጫወቱት” አለ ለራሱ። መምህሯ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። የጨረሰውን ሥራ ተመልሶ የሚያይ ሰው ብዙ አልገጠማትም፤ እሷም ከዚያው ጨርቅ የተቀደደች ናትና ወዲያው አወቀችው።

“ሱቁ ድረስ ሂጂና ንገሪው!” አሏት እትዬ። “ልጅ በሌለበት አፍሽን ማን ያዘው?”

ሄደች። የምትለውን መንገድ ሙሉ ተለማምዳ፣ የሱቁን በር ገፍታ አፏን ስትከፍት ፌንጣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። “ቲቸር!” መምህሯ አፏን ከደነች። ከዚያ አየር ላይ በጣቷ አራት ማዕዘን ሣለችና ወደ ፊቷ አመለከተች፤ መስታወት ልትገዛ የመጣች መሰለች። ሰውየው ለካ፣ ቆረጠ፣ ጠርዙን እጅ እንዳይበላ አለሰለሰ። ሲያቀብላት ለፌንጣ፣ “ይሄ መስታወት ታድሏል፤ በየጠዋቱ ያያታል” አላት። መምህሯ “ታንክ ዩ” ብላ ወጣች። መስታወቱን ታቅፋ፣ ፊቷ እንደጋለ፣ የቤቷን መታጠፊያ ሳታውቀው አልፋ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ እንደሆነ ነው ዛሬ ያለ እርሳሱ የመጣው።

በሩ ላይ አልቆመም። ወደ ክፍሉ ገባና ፌንጣ ፊት ቁጢጥ አለ።

“ፌንጣ፣ ዛሬ ሥራ አለሽ። አስተርጓሚ ነሽ።”

“አስተርጓሚ ምንድን ነው?”

“እኔ የምለውን ለቲቸር በእሷ ቋንቋ ትነግሪያታለሽ። ትችያለሽ?”

“እኔ?” አለች ፌንጣ እንደተናቀች ሁሉ። “ሙዝ አውቃለሁ፣ ዝሆን አውቃለሁ፣ ቀይ አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ!”

“እሱ ከበቃ ለኔም ይበቃኛል።”

ተነሥቶ ቆመ። መምህሯን አያት፤ ሊናገር ሲል ዓይኑን ወደ አዲሱ መስኮት አሸሸ፤ መልሶ አመጣው።

“ልሰናበትሽ ነው የመጣሁት” አለ። “ሩቅ ከተማ ትልቅ ሕንፃ ይሠራል፤ ከላይ እስከ ታች መስታወት። እኔን መርጠውኛል። መኪናው ውጭ ቆሟል፤ ይቺን ቤት አድርሼ እሳፈራለሁ። የምሄደው እዚህ ሥራ አጥቼ አይደለም። በየቀኑ እዚህ በር ላይ መቆሙን አልቻልኩትም። አንቺ የተማርሽ፣ ዓለም የዞርሽ ነሽ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ መስታወት የምቆርጥ ነኝ። አንቺና እኔ መሃል ያለውም መስታወት ነው፤ ያሳያል፣ አያሳልፍም። መቁረጫዬ የማይቆርጠው መስታወት የለም፤ ይሄን ግን ከየት በኩል እንደምጀምረው ጠፋኝ። ... ልጆች ስታስተምሪ ጎንበስ ብለሽ ዓይናቸውን እኩል ታያለሽ። ከፍ ያለ ሰው እንዲህ ሲጎነበስ አይቼ አላውቅም። ይሄን ሳልነግርሽ ከሄድኩ መንገዱ አይገፋልኝም።”

ወደ ፌንጣ ዞረ።

“በይ፣ ንገሪያት።”

ፌንጣ አሰበች። ጣሪያውን አየች፣ ጫማዋን አየች።

“ቲቸር” አለች። “ማይ አንክል ሳድ።”

ከንፈሯን ጥላ አሳየች።

“ጎ። ቢግ ሃውስ። ባይ-ባይ።” አጎቷን ቀና ብላ አየችው፤ ላቡ በግንባሩ ወርዷል፤ የጎደለ ነገር እንዳለ ገባት። “ማይ አንክል ላይክ ቲቸር” አለች። አሁንም አነሰባት። “ላይክ ባናና!”

“ነገርሻት?” አለ አጎት።

“ጨረስኩ።”

“ያን ሁሉ?”

“እንግሊዝኛ አጭር ነው” አለች ፌንጣ፣ እንደ ባለሙያ።

እትዬ የእጅ ፎጣውን አፋቸው ላይ አፍነው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ በሳቅ ይሁን በለቅሶ አይለይም።

መምህሯ አልሳቀችም። የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛለች። ሁለቱንም ስንብት ሰምታለች፤ ረጅሙንም አጭሩንም፤ የትኛው የበለጠ እንደወጋት አታውቅም። መልስ መስጠት አለባት። በማን አፍ? ምንጣፉ ላይ ወላጆቻቸው ያልደረሱላቸው ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ከነሱ መሃል ዝምተኛዋ አለች። ይህች ልጅ ከቤቷ ስትወጣ በማንኛውም ቋንቋ ትንፍሽ ብላ አታውቅም ነበር፤ ለእትዬ እንኳ። በዚህ ሳምንት ነው ድንገት መጥታ የመምህሯን ሽርጥ ጎትታ “ወተር” ያለችው። ምናልባት ከራሷ የባሰች፣ የሰው ቋንቋ የማትሰማ ሴት አሳዝናት ይሆናል። መምህሯ ዛሬ አንድ ቃል በቤት ቋንቋ ብትተነፍስ፣ ያቺ ልጅ እንደተታለለች ይሰማታል። የተከፈተው አፍ ይዘጋል። ዓመት የተለፋበት ነገር በአንድ ትንፋሽ ውልቅ ይላል።

እንግዲህ መልሱ በፌንጣ በኩል ይሂድ። ፌንጣ የምታውቀውን ቃል ሁሉ ያስተማረቻት እሷው ናት፤ አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። በሐሳቧ ዘረገፈቻቸው፤ ዝሆን፣ ቀይ፣ ዝለል፣ እጅ መታጠብ። “አትሂድ” የለም። “እዚሁ ቅር” የለም። “እኔም” የለም። ከደስታና ከሐዘን ሌላ ያለውን ስሜት ሁሉ ወደሚቀጥለው መንፈቅ ያስተላለፈችው ራሷ ናት፤ ለሕፃን ይከብዳል ብላ። አሁን ለሷው ከበዳት። አንድን ሰው ከመሄድ የሚያስቀር ቃል አጥታ፣ ቀረብ ያለውን አነሣች።

“ፌንጣ” አለች፤ ድምፅዋ ሰለለ። “ቴል አንክል፣ ሲት ዳውን። ፕሊዝ።”

“አጎቴ፣ ቁጭ በል!” ብላ አዘዘች ፌንጣ። “ፕሊዝ ብላለች፤ አልተቆጣችህም።”

መስታወት ቆራጩ ዙሪያውን አየ። ያለው የልጆች ወንበር ነው። ተቀመጠበት፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ምንጣፉ ላይ ያሉት ፈነዱ።

“ተቀመጥኩ። ከዚያስ?”

“ከዚያማ እጅ ታጣጥፋለህ” አለ አንዱ ተማሪ።

አጣጠፈ። መምህሯን ጠበቀ። ዓይኗ ሞልቷል። እሱ ግን ያንን ያየው ሌላ አድርጎ ነው፤ እንግዳ ሰው ክፍሏ ገብቶ ያስቸገራት፣ በትሕትና ልታስተናግደው የምትታገል መሰለው። ውጭ መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ወንበሩን በሁለት እጁ ወደ ቦታው መለሰ።

“አስጨነቅኩሽ። ይቅርታ” አለ። “ደህና ሁኚ።” የፌንጣን እጅ ይዞ ወደ በሩ ዞረ።

“ቆይ።”

ፌንጣ ቆመች። እሱም ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ፣ “ምን አልሽ?” አላት።

“እኔ አላልኩም።”

“እኔ ነኝ” አለች መምህሯ። “አትሂድብኝ።”

መስታወት ቆራጩ መጀመሪያ ነጣ፤ ከዚያ ከአንገትጌው ጀምሮ ቀላ።

“አንቺ... እር... እርስዎ... ይሰማሉ እንዴ?”

“እሰማለሁ።”

“ከ... ከመቼ ጀምሮ?”

“‘ምስኪንስ እኔ’ ካልክበት ቀን ጀምሮ።”

ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠበት፤ አሁን ማንም አላዘዘውም።

“ስለ አንገትዎም?”

“ስለ አንገቴም።”

“ሱቅ የመጡ ዕለት፣ ስለ መስታወቱ ያልኩትንም?”

“እሱንማ በቃሌ ይዤዋለሁ።”

“ኧረ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ! እርስዎን የሚያህል ሰው...”

“እርስዎ አትበለኝ!” አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። “‘አንቺ’ ስትለኝ ከርመህ፣ ሰማሁህ ብለህ ታርቀኛለህ? የትኛውን ዓለም ነው የዞርኩት? ከዚህ ሰፈር ወጥቼ አላውቅም። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ።”

“ልብስ ሰፊው?” አለ ደንግጦ። “እኚያ ሱሪዬን ያጠበቡልኝ?”

“‘ይህ ልጅ ወገብ ሳይሠራለት ነው የተላከው’ ብሎ የሳቀብህ፣ እሱ አባቴ ነው።”

እትዬ ከዚያ በኋላ ፎጣውን ጣሉት፤ እንደ ልባቸው ሳቁ።

“እኔም የምነግርህ አለኝ” አለች መምህሯ። “እዚህ ወለል ላይ በሆድህ ተኝተህ ስታይ፣ እኔ እዚያ ጥግ ነበርኩ። ‘ጫማቸውን ያወልቃሉ’ ስትል ሰማሁህ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የማስተምረው ይጠፋኛል። ልናገር ስል ልጆቹ አሉ፤ ልጆቹ ሲሄዱ አንተ የለህም። ሰው እየሰማ እንዳልሰማ መሆን እንዴት እንደሚያቃጥል አታውቀውም። ከሄድክም ሰምተኸኝ ሂድ።”

ጡሩምባው እንደገና ተነፋ።

መስታወት ቆራጩ ዓይኑን ከሷ ላይ ሳያነሣ፣ “እትዬ፣ እባክዎ” አለ፣ “ሹፌሩን ሌላ ሰው ይፈልጉ ይበሉልኝ። መስታወት ቆራጭ ሞልቷል።”

“እኔ እነግረዋለሁ” አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። “ያውም በቤት ቋንቋ!”

መምህሯ ያን ጊዜ ነው ያደረገችው የገባት። ቀስ ብላ ወደ ምንጣፉ ዞረች። ልጆቹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩዋታል። ዝምተኛዋ ተነሥታለች። እየተራመደች መጣች፤ የሽርጧን ጫፍ ያዘች። መምህሯ ተንበረከከች፤ የሚመጣውን ለመቀበል ትንፋሿን ያዘች።

“ቲቸር” አለች ትንሿ። በጣቷ የመምህሯን ጉንጭ፣ እንባው የወረደበትን መስመር ነካች። “ሳድ?”

“ኖ” አለች መምህሯ። “ኖ፣ የኔ ፍቅር። ሃፒ።”

“ሃፒ” አለች ዝምተኛዋ፤ ነገሩን መርምራ ተቀበለችው።

ከኋላቸው ጩኸት ተነሣ።

“እኔ ነኝ ያስተማርኳት!” ፌንጣ አየር ላይ ናት። “ቲቸር የኛን ቋንቋ ቻለች! እኔ ነኝ ያስተማርኳት!”

“እኔም! ‘ቆይ’ን እኔ ነኝ፤ ዥዋዥዌው ላይ በየቀኑ ‘ቆይ፣ ቆይ’ እላለሁ፣ ትሰማኛለች!”

“‘አትሂድ’ን ደግሞ እኔ! እማዬ ስትሄድ እያለቀስኩ!”

መምህሯ አፏን ይዛ አየቻቸው። በአንድ ትንፋሽ ያፈረሰችው የመሰላት ነገር በልጆቹ ዘንድ አልፈረሰም። ዓመቱን ሙሉ እነሱ በትዕግሥት ሲማሩ፣ እሷም በትዕግሥት ስትማር ከርማ ዛሬ አፏን የፈታች አድርገው ነው ያዩት። ደስታቸው የአስተማሪ ደስታ ነው።

“ገና ናት ግን” አለች ፌንጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። “ብዙ ይቀራታል። ቲቸር፣ ነይ እዚህ ቁሚ። አጎቴን እዪው። ‘ላይክ’ በኛ ቋንቋ ‘እወድሃለሁ’ ነው። በይ።”

መምህሯ አንድ ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት የሚያደርገውን ታውቃለች። ትከሻው ከፍ ይላል፤ ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ይሞክርና ይመለሳል፤ ዓይኑን የሚያምነው ሰው ላይ ይተክላል። አሁን ሁሉም እሷ ላይ ተራ በተራ ሲደርስ ተሰማት።

“እወድሃለሁ” አለች።

“አልተሰማም!” አሉ ልጆቹ።

“እወድሃለሁ!”

ተጨበጨበላት። ያላጨበጨበው መስታወት ቆራጩ ብቻ ነው። ጉልበቱን አገጩ ድረስ ሰብስቦ፣ ትንሽ ወንበር ላይ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀና ብሎ ያያታል።

“ድገሚው” አለ።

“ይድገሙት” አላለም።

ደገመችው። በዚያን ጊዜ መስታወት ቢይዙላት ኖሮ፣ ዓመቱን ሙሉ በልጆቹ ፊት ላይ ስታየው የከረመችውን ነገር በራሷ ፊት ላይ ታየው ነበር፤ ያሉት ቃል፣ ከብዙ መንተባተብ በኋላ፣ እንደተሰማላቸው ሲያውቁ የሚመጣባቸውን ብርሃን።